የማዕድን ሥራ በሌሎች የኢኮኖሚ ዘርፎች ላይ ያለው ተጽዕኖ እንዴት ይለካል?

በአንድ ወረዳ የማዕድን ኩባንያ ሥራ ሲጀምር ሁለት ዓይነት ንግግር ጎን ለጎን ይሰማል። በምረቃው ሥነ ሥርዓት ላይ የሚቀርበው ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ግብር ይናገራል። ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያው ቅጽር ግቢ የሚሰማው ደግሞ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ እርሻውን ጦም አሳድሮ ወደ ቁፋሮው ስለ ሄደው ጎልማሳ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን ሌላው እንደሚዋሽ ያምናል። ይሁን እንጂ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ የሚለያዩት በለኩት ነገርና በለኩበት ርቀት ነው።

የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት በእንዲህ ያለው ጉዳይ ውስጥ ሳይፈልጉት ይገባሉ። ለምክክር ስብሰባ ይጠራሉ፤ ቃለ ጉባኤ እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ፤ ከይዞታው የሚነሣው ገበሬ የንስሐ ልጃቸው ነው፤ በኩባንያው የተቀጠረውም እንዲሁ። በስብሰባው ላይ የሚነገረው ቁጥር ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር የማያውቅ ሰው ደግሞ ወይ ዝም ይላል፣ ወይም በስሜት ይቃወማል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ቁጥሩን ማንበብ ለሚፈልጉ፣ ከተቻለም የራሳቸውን ቁጥር መመዝገብ ለሚሹ ኮሚቴዎች ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ልኬት ዘርፉ በአገሪቱ ጠቅላላ ምርትና በወጪ ንግድ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። በአገራችን ሁለቱ ድርሻዎች እጅግ የተራራቁ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ወርቅ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ ይህም ከወጪ ንግዱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነበር። በጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ውስጥ ግን የማዕድን ዘርፍ ድርሻ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ማዕድን ለአገሪቱ ብዙ ነው የሚለውም፣ ጥቂት ነው የሚለውም ማስረጃ አያጣም። አንደኛው የዶላሩን ከረጢት ይመለከታል፤ ሁለተኛው የሕዝቡን አጠቃላይ ሥራ።

ከዚያም አስገራሚ ነገር ተከተለ። በ2011 ዓ.ም. የበጀት ዓመት የወርቅ ገቢው ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር እንኳ ሳይደርስ ቀረ። የሚቆፍረው ሕዝብ በዚያው ልክ ቀንሶ ነውን? አይደለም። በባንኩ ምንዛሪና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሲሄድ፣ በተለይ በባሕላዊ መንገድ የሚመረተው ወርቅ በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገሮች ፈሰሰ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ተለውጦ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ ወርቁ ወደ ሕጋዊው መስኮት ተመለሰ፤ በቀጣዩ የበጀት ዓመት ከቡና ልቆ የወጪ ንግዱ ቀዳሚ ሆነ። እንግዲህ ይህ ቁጥር በመጀመሪያ ደረጃ የሚነግረን ምን ያህል ወርቅ እንደ ተቆፈረ ሳይሆን፣ ምን ያህሉ በመዝገብ ፊት እንዳለፈ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው በ2011 ዓ.ም. ዘርፉ ሞተ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሞት ተነሣ ብሎ ያውጃል።

ድርሻን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ተጽዕኖን መለካት ሌላ። ተጽዕኖ ማለት አንዱ ዘርፍ ሌላውን ሲገፋው፣ ሲያሳድገው ወይም ሲያቀጭጨው የሚታየው ነው። ለዚህ የሚያገለግለውን ዋና መሣሪያ ያበጀው ትውልደ ሩሲያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዋሲሊ ሊዮንቲየፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካን ኢኮኖሚ እንደ አንድ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ አድርጎ አቀረበው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የግብዓትና ምርት ሠንጠረዥ የሚባለው ይህ መዝገብ አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዘርፍ በአግድም ለማን ለማን እንደ ሸጠ፣ በቁልቁል ደግሞ ከማን ከማን እንደ ገዛ ይጻፍለታል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት በ1998 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ላይ የተመሠረተ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር።

ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚያገለግል በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስተማር የታሰቡ እንጂ የአንድ ኩባንያ አይደሉም። አንድ የወርቅ ማዕድን 100 ብር የሚያወጣ ምርት ለማምረት ከውጭ ለሚመጣ ማሽን፣ ነዳጅና ኬሚካል 45 ብር ያወጣል እንበል። ከአገር ውስጥ አቅራቢዎች የሚገዛው ምግብ፣ የመጓጓዣ አገልግሎት፣ ጥበቃና ጥገና 20 ብር ነው። ለደመወዝ 10 ብር ይከፍላል። የቀረው 25 ብር ለግብር፣ ለሮያሊቲና ለትርፍ ይሄዳል። አቅራቢዎቹ በተራቸው ከሚቀበሉት ከእያንዳንዱ ብር 40 ሳንቲሙን ከሌሎች የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ለመግዛት ያውሉታል፤ እነዚያም እንዲሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው 20 ብር 8 ብር ይወልዳል፤ 8ቱ ብር 3 ብር ከ20 ሳንቲም ይወልዳል፤ እያነሰ ሄዶ በጠቅላላው 33 ብር ገደማ ይሆናል። የማዕድኑ 100 ብር በኢኮኖሚው ውስጥ 133 ብር የሚያወጣ ምርት አንቀሳቀሰ ማለት ነው። 1.33 የሚለው ቁጥር አባዢ ይባላል።

አሁን ኩባንያው ሥጋውን፣ አትክልቱንና የደንብ ልብሱን ከአካባቢው መግዛት ጀምሮ የአገር ውስጥ ግዥው ከ20 ወደ 35 ብር ከፍ አለ እንበል። ተከታዩ ድምር ከ33 ወደ 58 ብር ገደማ ያድጋል። የተቆፈረው ወርቅ አንዲት ግራም አልጨመረም። የተለወጠው የግዥው አቅጣጫ ብቻ ነው። በምክክር ስብሰባ ላይ «ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከማን ትገዛላችሁ?» የሚለው ብዙ ጊዜ የበለጠ ክብደት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ዘመናዊ የማዕድን ሥራ በማሽን የሚሠራ ስለሆነ የሚቀጥረው ሰው ከገንዘቡ ብዛት ጋር አይመጣጠንም።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የኢኮኖሚ ልማት ስልት መጽሐፉ ይህን ትስስር በሁለት ከፍሎ አሳየ። ዘርፉ ግብዓት ለመግዛት ወደ ኋላ የሚዘረጋው የኋሊት ትስስር ነው፤ ምርቱ ለሌላ ሥራ ግብዓት ሲሆን ደግሞ የፊት ትስስር ይባላል። ወርቅ በሁለቱም ደካማ ነው። ግብዓቱ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ምርቱም ሳይነካ ከአገር ይወጣል። የድንጋይ ኖራን ግን ተመልከቱ። ማንም ስለ እርሱ በጋዜጣ የፊት ገጽ አይጽፍም፤ ነገር ግን በሙገር፣ በመሰቦና በደርባ ወደ ሲሚንቶ ይለወጣል፤ ሲሚንቶው ቤት፣ ድልድይ፣ የመስኖ ቦይ፣ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ይሆናል፤ የጭነት መኪና ሾፌሩን፣ ግንበኛውን፣ የአሸዋ አቅራቢውን ያሰልፋል። የአፋር ጨውም እንዲሁ ነው። አሞሌ ከረግረጉ ተጠርቦ እስኪሸጥ ድረስ ጠራቢው፣ የግመል ነጂው፣ ገመድ ፈታዩ፣ መኖ ሻጩ፣ በመንገድ ላይ ውኃና ቂጣ አቅራቢው ሁሉ ከእርሱ ሲበሉ ኖረዋል። በእኔ ግምት በአገራችን የማዕድን ንግግር ውስጥ ለወርቅ የሚሰጠው ቦታ ከትስስሩ ጋር ሲተያይ ከልክ ያለፈ ነው። ከውጭ ምንዛሪው አንጻር ግን ቦታው እንደሚገባው አልክድም።

ሂርሽማን ኋላ ላይ ሌላ መንገድ ጨመረበት፤ እርሱም በመንግሥት ግምጃ ቤት በኩል የሚያልፈው ትስስር ነው። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም ድሆች አገሮች አንዷ ነበረች። በተከታዩ ዓመት በኦራፓ አልማዝ ተገኘ። የማዕድን ሥራው ከሠራተኛው ሕዝብ ጥቂቱን እጅ ብቻ የሚቀጥር ቢሆንም፣ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ የእኩሌታ ባለድርሻ በመሆን ያገኘውን ገቢ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና አዋለው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ለመጪው ትውልድ የሚቀመጥ የፑላ ፈንድ አቋቋመ። በግዥ በኩል ብቻ የለካ ሰው የቦትስዋናን አልማዝ «ደሴት» ብሎ ያልፈው ነበር። በእኛም አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከከፍተኛ የማዕድን ሥራዎች የሚገኘውን የገቢ ግብርና ሮያሊቲ ፌዴራል መንግሥቱና ክልሎች በጋራ እንዲጥሉና እንዲሰበስቡ ይደነግጋል። የወረዳው ነዋሪ የድርሻው ጥቅም በአካባቢው መንገድና ጤና ጣቢያ ላይ ይታይ እንደሆነ መጠየቁ እንግዲህ ከልኬቱ አንዱ ክፍል ነው።

የሊዮንቲየፍ ሠንጠረዥ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ሁሉም ነገር እንደ ልብ የሚገኝ አድርጎ ይገምታል። ማዕድኑ ሠላሳ ጎልማሶችን ሲቀጥር ሠላሳ ሥራ ተፈጠረ ብሎ ይመዘግባል፤ ጎልማሶቹ ትተውት የመጡትን እርሻ ግን ከሒሳቡ አይቀንስም። ይህን የጎደለ ገጽ የሚሞላልን «የደች በሽታ» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን በተባለው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1959 ታላቅ የጋዝ ክምችት ተገኘ። ጋዙ ተሸጦ የውጭ ገንዘብ ሲጎርፍ የአገሪቱ ገንዘብ ጠነከረ፤ ፋብሪካዎቿ የሚልኩት ዕቃም በውጭ ገበያ ተወደደ፤ ፋብሪካዎቹ ተጎዱ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣለት ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው መጽሔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ማክስ ኮርደንና ፒተር ኒሪ ሁለት ምሁራን በሽታው በሁለት በር እንደሚገባ አስረዱ። በአንደኛው በር ማዕድኑ ጉልበትንና ገንዘብን ከሌሎች ዘርፎች ይስባል። በሁለተኛው በር ደግሞ ከማዕድን የመጣው ገቢ ሲወጣ ከውጭ ሊመጣ የማይችለውን ሁሉ፣ የቤት ኪራይን፣ የቀን ሠራተኛን፣ አገልግሎትን፣ ያስወድዳል። የዛምቢያ ታሪክ የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ነጻ ስትወጣ ከወጪ ንግዷ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ መዳብ ነበር፤ በሰባዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ በእርሱ ምትክ የሚቆም ዘርፍ አልነበራትም።

ይህ ነገር የአገር ገንዘብ እስኪናወጥ ድረስ የሚጠብቅ አይደለም። በአንዲት የገበያ ከተማም ይታያል። ለአረምና ለአጨዳ የሚከፈለው የቀን ሞያ ዋጋ ወርቅ ከማጠብ ከሚገኘው ገቢ ጋር መወዳደር ሲያቅተው ገበሬው አራሚ ያጣል። መምህሩና የጤና ባለሙያው በደመወዛቸው ቤት መከራየት ሲሳናቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። የማዕድኑ ጉዳት በትምህርት ቤቱ የመምህራን ዝርዝር ላይ እንዲህ ባለ መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ማንም ግን «የማዕድን ተጽዕኖ» ብሎ አይጠራውም።

እንግዲህ ጥቅሙም ጉዳቱም ባለበት ድምሩ እንዴት ይታወቃል? በዚህ ረገድ ፈርናንዶ አራጎንና ሁዋን ፓብሎ ሩድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሠሯቸው ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው በፔሩ፣ በካሃማርካ አውራጃ በሚገኘው ያናኮቻ የወርቅ ማዕድን አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ይመለከታል። ማዕድኑ ከአካባቢው የሚቀጥረውና የሚገዛው በአሥር በመቶ ሲጨምር፣ በከተማይቱ ዙሪያ የሚኖሩ ቤተሰቦች እውነተኛ ገቢ፣ ማለትም የዋጋ ንረቱ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው፣ በ1.7 በመቶ ከፍ ብሏል። ጥቅሙ በማዕድኑ ያልተቀጠሩትንም ደርሷል። የአካባቢው አስተዳደር ከማዕድኑ ያገኘው ገቢ ግን በቤተሰቦች ኑሮ ላይ ይህን ያህል የጎላ ለውጥ አላሳየም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ወደ ጋና ይወስደናል። ከትላልቅ የወርቅ ማዕድናት በ20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ምርታማነት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ራቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያው መሬት፣ ያው ጉልበት፣ ነገር ግን ያነሰ ምርት። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የአየርና የአካባቢ ብክለት እንደሆነ ደመደሙ። ድህነቱም ጨምሮ ነበር። ሁለቱም የወርቅ ማዕድን ናቸው፤ ለኪዎቹም አንድ ናቸው፤ መልሱ ግን ተቃራኒ። ስለዚህ «ማዕድን ይጠቅማል» ወይም «ይጎዳል» የሚል አጠቃላይ ፍርድ ይዞ ወደ ስብሰባ የሚገባ ሰው ስለ ራሱ ወረዳ ገና ምንም አላወቀም።

የእነዚህ ጥናቶች ዘዴ በእጃችን ሊሠራ የሚችል በመሆኑ በዝርዝር ላስረዳ። ምሥጢሩ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። በማዕድኑ አቅራቢያ ያለ ቀበሌ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሄክታር 20 ኩንታል በቆሎ ያገኝ ነበር እንበል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ 18 ሆነ። በሩቅ ያለው፣ አፈሩና ዝናቡ ተመሳሳይ የሆነው ቀበሌ ደግሞ ከ17 ወደ 20 ከፍ አለ። የቅርቡን በፊትና በኋላ ብቻ ያየ ሰው ጉዳቱ 2 ኩንታል ነው ይላል። ዛሬ ሁለቱን ቀበሌዎች ብቻ ያነጻጸረም 18ን ከ20 ጋር አስተያይቶ 2 ኩንታል ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሩቁ ቀበሌ በተሻለ ዘርና ዝናብ 3 ኩንታል ከጨመረ ቅርቡም ያን ያህል መጨመር ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን ጭራሽ 2 ቀነሰ። እውነተኛው ልዩነት 5 ኩንታል ነው። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ የሁሉም ቦታ ምርት በድርቅ በወደቀበት ዓመት ማዕድኑ የማያውቀው ጥፋት እንዳይጫንበት ይህ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታው ግን «በፊት» የሚባለው ቁጥር መኖሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጉጂ በለገደምቢ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ነዋሪዎች በሰውና በእንስሳት ጤና ላይ ጉዳት ደርሷል በማለት ተቃውሞ ባሰሙ ጊዜ መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ጉዳዩም እንዲጠና ተደረገ። ማዕድኑ ግን ያን ጊዜ ለአሥርት ዓመታት ሠርቶ ነበር። ክርክር ከተነሣ በኋላ የሚላክ አጥኚ የዛሬውን ውኃና የዛሬውን ከብት ይመረምራል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ምንጭ ናሙና ሊወስድበት አይችልም።

የአጥቢያ ኮሚቴ ታላቅ ዕድል እዚህ ላይ ነው። አጥኚው መጥቶ ይሄዳል፤ ሰበካው ግን በቦታው ይኖራል። የአሰሳና የምርመራ ፈቃድ እንደ ተሰጠ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር፣ አንድ ተራ ደብተር ተከፍቶ በየወሩ በአንድ የተወሰነ የገበያ ቀን የአንድ ኩንታል እህል፣ የአንድ በሬና የአንዲት ላም ዋጋ፣ ለአረምና ለአጨዳ የሚከፈለው የቀን ሞያ፣ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ይመዝገብ። ሴቶች ውኃ ቀድተው ለመመለስ የሚወስድባቸው ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ቁጥር፣ በዓመቱ የሞቱ ከብቶች ብዛት ይጨመርበት። መለኪያው አይለዋወጥ፤ በዚህ ወር በቁና፣ በሚቀጥለው በጣሳ ከተለካ መዝገቡ ዋጋ የለውም። ለውጥ ባልታየበት ወር «ለውጥ የለም» ተብሎ ይጻፍ፤ ጉዳት ሲኖር ብቻ የሚጻፍ ደብተር የክስ ማመልከቻ እንጂ ልኬት አይሆንም። በወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶችም አይዘለሉ፤ ገቢያቸው በየትኛውም የመንግሥት ሠንጠረዥ ላይ በትክክል የማይታየው እነርሱ ናቸው።

ከዚህ ጋር ከማዕድኑ የራቀ፣ አየር ንብረቱና ሰብሉ የሚመሳሰል አንድ ሌላ አጥቢያ ተመርጦ ያንኑ መዝገብ እንዲይዝ ይጠየቅ። ያለዚያ ሁለተኛው ቅነሳ አይቻልም። በሀገረ ስብከቱ በኩል ሁለት ሰበካዎችን ማገናኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ ሰንበቴውና ዕድሩ መረጃውን ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ያገናኛሉ።

አንድ ጥንቃቄ ሳይነገር አይታለፍ። ኩባንያ ለአጥቢያው ጣሪያ ቆርቆሮ ቢለግስ፣ የውኃ ጉድጓድ ቢያስቆፍር፣ ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ደብተሩን የሚይዘው ሰው ስጦታውን የሚቀበለው ሰው ባይሆን ይመረጣል። ማንም ስለ ታማኝነቱ እንዲጠረጠር አይደለም። ቁጥሩ አንድ ቀን በወረዳ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ቢቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ጻፈው?» የሚል ስለሚሆን ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ካሣ የሚጠይቅ ገበሬም የራሱን ማሳ ምርት ብቻውን አይመዝግብ፤ ሁለት ጎረቤቶች አብረው ይፈርሙ። ስጦታውም ራሱ ቀኑና ዋጋው ተጠቅሶ በደብተሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ እርሱም ከተጽዕኖው አንዱ ነውና።

መዝገቡ ማዕድኑ በተዘጋ ማግስት አይዘጋ። ክምችቱ ሲያልቅ ወይም ፈቃዱ ሲቆም የቤት ኪራይ ይወድቃል፤ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከእርሻ ወጥቶ የነበረው ጎልማሳ ወደ መሬቱ ይመለሳል ወይም ወደ ሌላ ማዕድን ይሰደዳል። ቢያንስ ለሦስት የመኸር ወቅቶች መመዝገብ ቢቀጥል፣ ማዕድኑ በነበረበት ጊዜ ከአካባቢው ዘርፎች የትኞቹ እንደ ለመለሙና የትኞቹ እንደ ጠወለጉ በግልጽ መለየት ይቻላል።